ለአራት ፈረስ የምትሆን ትራክተር፦ ከሞተሩ በፊት ሎደሩን እዩ

ትንሽ የፈረስ ግቢ ያለው ሰው የመጀመሪያ ትራክተሩን ሊገዛ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ጉልበት ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ሻጮችም ዋጋ የሚደረድሩት በዚሁ ቁጥር ስለሆነ ወሬው እዚያው ላይ ይቀራል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ፈረስ ያለበት ግቢ ውስጥ ትራክተር ዕድሜዋን የምትጨርሰው በማረስ ሳይሆን በማንሳት፣ በመሸከምና በማፍሰስ ነው። ይህን ሥራ የሚወስኑት ደግሞ የፊት ሎደሩ (ከትራክተሯ ፊት ባልዲ ይዞ ጭነት የሚያነሳው ክንድ) አቅምና የትራክተሯ የራሷ ክብደት ናቸው። ሞተሩ ተርፎ ሎደሩ ያነሰባት ትራክተር ገዝቶ የሚቆጭ ሰው ብዙ ነው፤ ተቃራኒው እምብዛም አይሰማም።

ሂሳቡን ከፋንድያው እንጀምር። 500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፈረስ ፋንድያና ሽንቱ ተደምሮ በቀን 25 ኪሎ አካባቢ ያወጣል። አብሮ የሚጠረገው የራሰ ጉዝጓዝ ሲታከልበት 30 ኪሎ ይሆናል። አራት ፈረስ ማለት እንግዲህ በቀን 120 ኪሎ፣ በሳምንት 840 ኪሎ፣ በዓመት ወደ 44 ቶን ነው። ያ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ ከጋጣ ወደ ክምር፣ አንዴ ከክምር ወደ መበተኛ ወይም ወደ መኪና። ብስባሽ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ መሃል ላይ ያገላብጠዋል። ሣር ማጨድ በዓመት ሁለት ሦስቴ የሚመጣ ሥራ ስለሆነ ባለ ማጨጃ ተከራይቶ መገላገል ይቻላል። ፋንድያ ግን በየቀኑ ነው፣ በኪራይ አይወጡትም። ማሽኗ መመረጥ ያለባት ለዕለት ሥራዋ ነው።

ቀጥሎ ድርቆሽ ይመጣል። በእጅ የሚነሳው ትንሹ ባለ አራት ማዕዘን እስር ከ15 እስከ 25 ኪሎ ስለሚሆን በትራክተር ምርጫ ላይ ለውጥ አያመጣም። ክቡ ጥቅል ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ቁመቱም ስፋቱም 1.2 ሜትር የሆነ ደረቅ ጥቅል ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ 1.5 ሜትሩ 400 ኪሎ አልፎ ወደ 500 ሊጠጋ ይችላል። እርጥበቱን ሳይለቅ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ከሆነ በዚያው መጠን እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ትራክተር ከማየታችሁ በፊት ድርቆሽ የምትገዙበት ሰው ምን ዓይነት ጥቅል እንደሚያስር ጠይቁ፤ ከተቻለም አንዱን አስመዝኑ።

ካታሎጉ የሚለውና ሎደሩ የሚያነሳው

የሎደር አቅም ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር መስሎ ይጻፍ እንጂ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ባልዲው ከክንዶቹ ጋር በሚገናኝበት ፔርኖ (የብረት ማያያዣ ዘንግ) ላይ የሚለካው ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ለማስታወቂያ ይመቻል። ሁለተኛው ከፔርኖው 50 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ተርቆ የሚለካው ሲሆን ለእውነተኛው ሥራ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ሦስተኛው ከመሬት ፈንቅሎ የማስነሳት ኃይል ነው። ይህ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ለተጠቀጠቀ የፋንድያ ክምርም ይጠቅማል፤ ጭነቱ እላይ ድረስ ይደርስ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ሻጩ ቁጥር ሲጠራ «የት ላይ ተለክቶ? እስከ ስንት ከፍታ?» በሉት።

አንድ ሎደር ፔርኖው ላይ፣ በሙሉ ከፍታ፣ 500 ኪሎ ያነሳል እንበል። 50 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ሲኬድ ቁጥሩ ወደ 350 ወይም 380 ይወርዳል። ባልዲውን አውልቃችሁ ሹካ ስትገጥሙ የሹካው ክፈፍ ብቻውን ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ እሱም ከአቅሙ ላይ ይቀነሳል። 1.2 ሜትር የሚሆነው ጥቅል መሃሉ ከክፈፉ ሌላ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የቀረው እንግዲህ 230 ወይም 250 ኪሎ ቢሆን ነው። ደረቁን ትንሽ ክብ ጥቅል እንደምንም ያነሳል፣ ዝናብ የጠጣውን አያነሳም። የእኔ ልክ ቀላል ነው፦ ከባዱ ጥቅላችሁ የሚመዝነውን እጥፍ አድርጉትና ያንን ያህል ፔርኖው ላይ በሙሉ ከፍታ የሚያነሳ ሎደር ፈልጉ። በሹካ ፈንታ ጥቅሉን የሚወጋ ጦር ብትገጥሙ ክፈፉ ስለሚቀል ትንሽ ታተርፋላችሁ፤ ጦሩ ግን ከጥቅል ሌላ ሥራ የለውም።

የአነሳስ ነገር ከተነሳ ሰው የሚዘነጋው የኋላውን ክብደት ነው። ሎደሩ ሲሸከም ጭነቱ የፊት አክስሉን ይጫናል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ጥቅል ተሸክማችሁ በሁለት ጎማ ነጂ ቁልቁል ስትወርዱ የኋላው ከመሬት ከለቀቀ ፍሬን የምትረግጡት አየር ላይ ላለ ጎማ ነው። ሃይድሮስታቲኩም (በዘይት ግፊት የሚሠራው ካምቢዮ) አያድናችሁም፤ የሚይዘው ያንኑ የኋላ አክስል ነውና። በአራት ጎማ ነጂ ከሆናችሁ ግን የፊቱና የኋላው በካምቢዮ ስለተሳሰሩ ፍሬኑ የፊቱንም ጎማ ይይዛል። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ጭነት ይዞ ከመውረድ በፊት አራት ጎማው ይገባል፣ ባልዲው ከጉልበት በታች ይወርዳል።

መፍትሔው ከኋላ የሚንጠለጠል ክብደት ነው። ብዙ ሰው የኋላ ጎማ ውስጥ ውኃና ጨው ወይም ሌላ የማይረጋ ፈሳሽ ያስሞላል። ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል፤ ግን ፈሳሹ አክስሉ ላይ ስለሚቀመጥ ከፊት አክስል ላይ ምንም አያነሳም። ከአክስሉ ኋላ ርቆ የተንጠለጠለ ክብደት ግን የፊቱን ጫና ያቀልለታል፣ የአክስሉን ኩሽኔታና ማርሽ ዕድሜም ያረዝማል። ለትንሿ ትራክተር 250 ኪሎ፣ ለመካከለኛዋ 400 ኪሎ ጥሩ መነሻ ነው። ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፦ 200 ሊትር በርሚል ከወገቡ ተቆርጦ በኮንክሪት ሲሞላ 240 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ለታችኞቹ ሁለት ክንዶች 22 ሚሊ ሜትር፣ ለላይኛው ማሰሪያ 19 ሚሊ ሜትር ፔርኖ የሚቀበል ብረት ይበየድና ውስጡ ይቀበራል። ሙሉ በርሚል 480 ኪሎ ስለሚመጣ በመጀመሪያ የኋላ ማንሻው አቅም ከማንጠልጠያው ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ስንት እንደሆነ መጽሐፉ ላይ ተመልከቱ።

ሞተር፣ ካምቢዮ፣ በር

አሁን ወደ ፈረስ ጉልበት መምጣት ይቻላል። ኃይል የሚጠይቀው ሣር ማጨጃው ነው። ለሚሽከረከር ከባድ ማጨጃ በየ30 ሴንቲ ሜትር ስፋቱ 5 ፈረስ ጉልበት ፒቲኦው (የሞተሩን ኃይል ከኋላ ለሚገጠም ዕቃ የሚያስተላልፈው ዘንግ) ላይ ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰባል፤ 1.2 ሜትሩ 20፣ 1.5 ሜትሩ 25 ማለት ነው። ሞተሩ ላይ የተጻፈው ግን ፒቲኦ ላይ ሙሉ በሙሉ አይደርስም፣ ከ15 እስከ 20 በመቶው መንገድ ላይ ይቀራል። 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ትራክተር እንግዲህ የ1.2 ሜትር ማጨጃ ናት። ማጨጃው ከኋላ ጎማዎቹ የውጭ ስፋት ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ጎማው የረገጠው ሣር ሳይታጨድ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የደንብ ነገር አለ። ጥብቅ የጭስ ሕግ ባለባቸው አገሮች 19 ኪሎዋት፣ ማለትም 25 ፈረስ ጉልበት ገደማ፣ እንደ ወሰን ነው። ከዚያ በላይ ያሉት አዳዲስ የናፍታ ሞተሮች በብዛት የጥቀርሻ ማጣሪያ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው የጭስ ማውጫው በደንብ ሲግል ነው። የፈረስ ግቢ ሥራ ግን አሥር ደቂቃ ሠርቶ መቆም፣ እንደገና አሥር ደቂቃ ነው። እንዲህ የምትውል ትራክተር ማጣሪያዋ ቶሎ ይታፈናል። ከወሰኑ በላይ የምትገዙ ከሆነ በሳምንት አንዴ ሜዳ ላይ ጫን አድርጎ የሚያሠራ ነገር ያስፈልጋችኋል። ማጣሪያው ራሱን በሚያጸዳበት ሰዓት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው አየር ድርቆሽ የማቀጣጠል አቅም አለው፤ ጎተራ ውስጥ በፍጹም አይደረግም።

ካምቢዮን በተመለከተ አልከራከርም፦ ለሎደር ሥራ ሃይድሮስታቲክ። ወደፊትና ወደኋላ በእግር መርገጫ ብቻ ስለሚሄድ ፍሪሲዮን መርገጥ የለም፣ ግራ እጅ መሪ ላይ ቀኝ እጅ ሎደሩ ላይ ይውላል። ባለ ማርሹ ርካሽ ነው፣ ለእርሻም ይሻላል፣ ጋጣ መሃል ግን በሰዓት ውስጥ መቶ ጊዜ ፍሪሲዮን ያስረግጣል።

በሩን በሜትር ለኩ። መገልበጥ የሚከላከለው ብረት ቆሞ ትራክተሯ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ትረዝማለች፤ ብዙ የጋጣ በር ከዚህ ያንሳል። የሚታጠፍ ብረት ያላትን ምረጡ፤ ግን ሕጉን አትርሱ። ብረቱ ሲቆም ቀበቶ ይታሰራል፣ ሲታጠፍ ቀበቶ አይታሰርም፤ ትራክተሯ ብትገለበጥ የታሰረ ሰው ከሥሯ ይቀራልና። የጋጣ መሃል መንገዱ 3 ሜትር ከሆነ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር የምትሰፋዋ ገብታ ትሠራለች፤ ለመዞር ግን ቦታው አይበቃም፤ ስለዚህ ወደኋላ መውጣት ልመዱ።

ጎማ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥልቅ ጥርስ ያለው የእርሻ ጎማ ጭቃ ላይ አቻ የለውም፣ የግጦሹን ሣር ግን በመታጠፊያ ላይ ይነቅላል። የሣር ሜዳ ጎማ ሣሩን ይጠብቃል፣ የራሰ ፋንድያ ላይ ግን ይንሸራተታል። የኢንዱስትሪ የሚባለው መሃል ቤት ነው፤ ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ የወደቀ ሚስማር ባለበት ግቢ የተሻለ ይቋቋማል። ለብዙው ግቢ እሱ ይበቃል።

ከማሽኗ ጋር የሚገዛው

ገንዘቡን በሙሉ ትራክተሯ ላይ አፍስሶ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው አለ። ያለ ዕቃ ትራክተር ውድ ወንበር ናት። ቅደም ተከተሉ በእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ባልዲና የኋላ ክብደት ከመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ሹካ፣ ከዚያ መከስከሻ፣ የፋንድያ መበተኛና ማጨጃው ኋላ ይደርሳሉ። ባልዲ መቀየሪያው ፈጣን ዓይነት ይሁን፤ በመዶሻና በፔርኖ የሚለወጥ ከሆነ ሹካው ግድግዳ ተደግፎ ይኖራታል።

መከስከሻው ሁለት ሥራ አለው፤ በሁለቱም ላይ ስህተት ይሠራል። መጋለቢያው ሜዳ ላይ ጥርሱ የላይኛውን አሸዋ ብቻ ማላላት አለበት፤ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር። ጥልቀቱን የሚይዝ ጎማ የሌለው መከስከሻ በለሰለሰው ቦታ እየጠለቀ ከሥር የተደለደለውን መሠረት ይቧጥጣል፤ ጠጠሩ አንዴ ከአሸዋው ጋር ከተደባለቀ መለየት አይቻልም፣ ሜዳው እንደ አዲስ ይሠራል። ግጦሹ ላይ ደግሞ ፋንድያ መበተን የሚጠቅመው በሞቃትና ደረቅ ወቅት ነው፤ የአንጀት ትል እጮች ፀሐይ ላይ ደርቀው ይሞታሉ። በእርጥብና ቀዝቃዛ ጊዜ ከተከሰከሰ ግን ፈረስ ራሱ የሚሸሸው የፋንድያ ቦታ እጭ ወደ ንጹሑ ሣር ሁሉ ይዳረሳል። ክምሩን ማብሰል የተሻለ መንገድ ነው፦ ውስጡ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ቢያንስ ሦስት ቀን ከቆየ፣ የውጩም ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ተራው ከደረሰው፣ እንቁላሉም የአረም ዘሩም ይሞታል። ማገላበጡ ያው የሎደሩ ሥራ ነው።

ጎማው እየዞረ የሚያሠራው መበተኛ ፒቲኦ ስለማይጠይቅ ለአራት ፈረስ ይበቃል። ለማጨጃው የሚሆነውን የፒቲኦ ዘንግ ግን ሳትለኩ አትግጠሙ። አዲስ ዘንግ ረጅም ሆኖ ይመጣል፤ ማጨጃው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ዘንጉ በጣም የሚያጥርበት ቦታ አለ፣ ትራክተሯም ማጨጃውም አግድም በአንድ መስመር ሲሆኑ። በዚያ ቦታ ሁለቱ ቱቦዎች ተጋጥመው ከቆሙ ኃይሉ በቀጥታ የትራክተሯን የፒቲኦ ኩሽኔታ ይገፋል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እስኪቀር ከብረቱም ከፕላስቲክ ሽፋኑም እኩል ይቆረጣል፣ ጫፉ በሞረድ ይስተካከላል፣ ግራሶ ይቀባል። ሽፋኑን ደግሞ አትጣሉት። 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 9 ዙር ነው፤ የልብስ ጫፍ ከያዘ እጅ ለመሳብ ጊዜ አይሰጥም።

ያገለገለች ከሆነ

በርካሽ የሚሸጡት አሮጌ ትራክተሮች፣ ለምሳሌ ከ1939 ጀምሮ የወጣው ፎርድ 9ኤንና ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው 8ኤን፣ በትንንሽ ግቢዎች አሁንም ይታያሉ። ያምራሉ፣ መለዋወጫም አላቸው፤ ለመጀመሪያ ትራክተር ግን አልመክርም። ፒቲኦው ከካምቢዮው ፍሪሲዮን ጋር የተያያዘ ነው። ፍሪሲዮን ስትረግጡ የማጨጃው ከባድ ምላጭ መዞሩን አያቆምም፤ የራሱ ግፊት በዘንጉ በኩል ተመልሶ ትራክተሯን ወደፊት ይነዳል፣ አጥር ላይም ያሳርፋል። ይህን የሚያስቀር በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ ማያያዣ ይሸጣል፤ ያለ እሱ ማጨጃ አይገጠምም። የሃይድሮሊክ ፖምፓውም የሚዞረው በዚያው በኩል ስለሆነ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ማንሻው ይቆማል። መገልበጥ የሚከላከል ብረትም ከፋብሪካው አልመጣላቸውም።

አዲስ ዘመኗን ስታዩ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ እንዳያሞቀው አስቀድማችሁ ንገሩት። እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ፤ ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ነጭ ጭስ ማሳየቱ ያለ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ካጨሰ ዘይት ይበላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፦ ጭስ በትንፋሽ እየተገፋ ከወጣ የፒስተን ቀለበቶቹ ደክመዋል፤ የካምቢዮና የሃይድሮሊኩ ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። የሰዓት ቆጣሪውን ከመርገጫዎቹ ጋር አነጻጽሩ፤ 400 ሰዓት ተብሎ የፍሬኑ መርገጫ ጎማ ላጭቶ ከታየ ቆጣሪው ተቀይሯል ወይም ቆሟል።

ሎደሩን በጭነት ከፍ አድርጋችሁ ሞተሩን አጥፉ። ከአጠገቡ ራቅ ብላችሁ አሥር ደቂቃ ተመልከቱት፤ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር መውረድ ያለ ነው፣ በዓይን እየታየ ከወረደ የሲሊንደሩ ማሸጊያ ወይም ቫልቩ አልቋል። ባልዲውን መሬት አሳርፋችሁ ጫፉን በእጅ ወዝውዙ፤ ፔርኖው ቦኮላው ውስጥ የሚላወስ ከሆነ ግራሶ ሳይገባለት የኖረ ሎደር ነው። ክንዶቹ ከሻሲው የሚገናኙበት ብየዳ ላይ አዲስ ቀለም ካያችሁ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ።

ከዚያ የፊት አክስሉን ከሥር ተጎንብሳችሁ እዩ። የፈረስ ግቢ ትራክተር በብዛት የምትበላሸው እዚህ ጋ ነው። መሬት የወደቀ የድርቆሽ ሲባጎ በፊት ጎማው ውስጥ በኩል ተጠምጥሞ ይጠብቃል፣ እየሞቀ ወደ ዘይት ማገጃው ጎማ ይገባና ይቆርጠዋል። መጀመሪያ አቧራ የያዘ ቅባታማ ክብ ብቻ ይታያል። ዘይቱ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ማንም አያየውም፣ አንድ ቀን ጥቅል ተሸክማ ስትታጠፍ የማርሽ ድምፅ ይሰማል። ማገጃው ርካሽ ነው፤ የአክስሉ ማርሽ ግን አይደለም። ሲባጎ የሚጣልበት በርሚል ጋጣው በር ላይ አቁሙ፣ በሳምንት አንዴም ጎማው ውስጥ በኩል እጃችሁን ሰዳችሁ ፈትሹ።

አዲስም ብትሆን አሮጌ፣ ከገዛችኋት በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት የቸርኬና የሎደር ቡሎኖች ይጠበቃሉ፤ ይላላሉና። በ50ኛው ሰዓት የሞተር ዘይትና የሃይድሮስታቲኩ ፊልትሮ ይለወጣል፤ አዲስ ማርሽ የሚጥለው የብረት ብናኝ እዚያ ይሰበሰባል። የሎደሩ ፔርኖዎች በየ10 ሰዓቱ ግራሶ ይጠጣሉ። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ወንፊት በየቀኑ እዩ፣ የድርቆሽ ብናኝ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ አየር ስትነፉበት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ንፉ፣ ከፊት ከነፋችሁት ብናኙን ወደ ራዲያተሩ ቅጠል ትሰኩታላችሁ። ሽንት የነካው ፋንድያ ብረትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሚበላ ባልዲውና መበተኛው ሳይታጠቡ አያድሩ። ትራክተሯን ደግሞ ፈረስ በማይደርስበት አቁሟት፤ ሽቦና ወንበር ያኝካሉ፣ የሚያፈስ የራዲያተር ፈሳሽ ካገኙም ይልሱታል፣ መርዝ ነው። ከሥራ የመጣች ትራክተር ውጭ ቆማ እስክትበርድ ድረስ ድርቆሽ ወዳለበት ጣሪያ ሥር አትገባም፤ እሳት ማጥፊያውም በበሩ ውጭ በኩል ይሰቀላል፣ በውስጥ በኩል ከተሰቀለ እሳት ሲነሳ አይደረስበትምና።